ግቢያችንን የከለለልን ቆርቆሮ ሳይሆን ቅጠል ነው



ዛሬ ስለ ችግኝና ስለ አበባ ልናወራ ነው። «ይሄ ደግሞ የሀብታም ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያ ነበር የምንለው። እናታችን በገዛ ግቢዋ መቀመጫ እስክታጣ ድረስ።

ቤታችን ድሬዳዋ ነው። አራት ወንድምና እህት ተወልደን ያደግንበት፣ አባታችን (አላህ ይዘንለት) በሕይወት እያለ ያጠረው ግቢ ነው። ድሬን የሚያውቅ ሰው ግቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ሰው ማታ ጋቢ ይደርባል። እኛ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከቀትር በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን ቤት ውስጥ መቀመጥ አንችልም። የቆርቆሮው ጣሪያ የዋጠውን ሙቀት ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ስለዚህ ኑሯችን ደጅ ነው። ወንዱ በሽርጥ፣ ሴቱ በድሪያ፣ ሰሌን ተነጥፎ ሻይ የሚጠጣው፣ ሽንኩርት የሚከተፈው፣ ልጅ የሚታጠበው፣ ሌሊትም የሚተኛው ግቢ ውስጥ ነው።

በ2011 ጎረቤታችን ሐጂ ለልጆቻቸው ብለው ፎቅ ሠሩ። የአባታችን የረጅም ዘመን ወዳጅ ናቸው፤ ደስ ብሎን «ማሻአላህ» አልን። ቤቱ ሲያልቅ ግን ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ቀጥታ ወደ ግቢያችን አዩ።

ማንም ምንም አላለም። እናታችን ብቻ ቀስ በቀስ ከግቢው ጠፋች። መጀመሪያ በድሪያ መቀመጧን ትታ ጀለቢያና ሒጃብ አድርጋ መውጣት ጀመረች። በዚያ ሙቀት፣ በገዛ ቤቷ። ከዚያ ወጥታ መቀመጡን ተወችው። ከዚያ ደግሞ ማታ ደጅ መተኛቷ ቀረ። እኛ ከሥራ ስንመለስ በር ላይ የምትጠብቀን እናት ውስጥ ቬንትሌተር ስር ተኝታ እናገኛት ጀመር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቬንትሌተሩም የለም። የደም ግፊት አለባት። በ2012 ሰኔ አንድ ከሰዓት ታናሽ እህታችን ስትገባ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘቻት። አልሐምዱሊላህ ተረፈች። ሐኪሙ «ሙቀቱ ነው፣ ውኃ ትጠጣ፣ የታፈነ ቤት ውስጥ አትቀመጥ» አለን። የት እንድትቀመጥ ግን አልነገረንም፤ እሱ የኛ ጉዳይ ነበር።

ያኔ ተናደድን። ንዴት ደግሞ የሚያስበው ስለ ቆርቆሮ ነው።

▪️ የቆርቆሮው ዓመት

ታላቅ ወንድማችን አናጢ ጠርቶ በግንቡ አጥር ላይ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ አስቀጠለ። በአንድ ቀን አለቀ። ሐጂ በማግስቱ ወደ መስጂድ ሲያልፉ አጥሩን ቀና ብለው አይተው ዝም ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰላምታቸው አጠረች።

ቆርቆሮው ምን አደረገልን? አንደኛ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነፋስ ዘጋው። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እጅ አያስነካም፤ ግቢው እንደ መጥበሻ ጋለ። ሦስተኛውን ስንናገር እንስቃለን፦ መስኮቶቹ አሁንም ይታዩ ነበር። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ እናታችን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የላይኛው ፎቅ እንደ በፊቱ ቁልቁል ያያታል።

ቆርቆሮውን አነሳንና «እንግዲያው ተክል» አልን። ግን ያለ ዕውቀት ገባንበት። ቶሎ የሚያድግ፣ ውኃ የማይጠይቅ፣ በነፃ የሚገኝ ስንል አንድ ዘመዳችን ቅንጭብ ቆርጦ ሰጠን። ቅንጭብ ለአጥር የታወቀ ነው፤ ቅርንጫፉን መሬት ላይ ብትሰኩት ይበቅላል። ያልተነገረን ነጭ ወተቱ ነው። የታላቅ እህታችን ልጅ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሲጫወት ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያንን ጩኸት አንረሳውም። ብዙ ውኃ እያፈሰስን ዓይኑን አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ለሁለት ቀን ዓይኑን መግለጥ አልቻለም ነበር። አልሐምዱሊላህ ዳነ። ቅንጭቡን በጓንት ነቅለን ጣልነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህቺን ያዙልን፦ ግቢያችሁ ውስጥ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ካለ ልጆች እንዳይነኩት አስተምሩ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡና ወደ ሕክምና ሂዱ።

▪️ ከመስኮቱ ወዲያ

ሐጂ ልጁን ለመጠየቅ መጡ። ብርቱካን ይዘው። ከስንት ወር በኋላ ቤታችን ገብተው ሻይ ጠጡ። ልጁን በጉልበታቸው አስቀምጠው አጥሩን እያዩ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«አቦ ልጆቼ፣ ቆርቆሮውን ስታቆሙ ከፍቶኝ ነበር። ግን እናንተ ያላያችሁት ነገር አለ። ያ መስኮት ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። የልጄ ሚስት ‹የሰው ግቢ ያሳያል፣ አፍራለሁ› ብላ ዘግታ ነው የምታበስለው። እሷም እየተቀቀለች ነው።»

ሱብሓነላህ! እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያየን ሰው አለ ብለን ስንቃጠል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ እንዳታየን ብላ የምትቃጠል ሴት ነበረች። መስኮቱ ሁለት ቤት ነው ያፈነው። ገመና የአንድ ወገን ጉዳይ አይደለም፤ የሚታየውም የሚያየውም ይሸማቀቃል። እኛ ይህን ሳናውቅ ነበር በመካከላችን ብረት ያቆምነው።

በማግስቱ በሐጂ ፈቃድ ታናሽ እህታችን ከልጃቸው ሚስት ጋር ወደ ፎቁ ወጣች። ከመስኮቱ የሲባጎ ጫፍ ለቀቀችልን። እኛ ሌላውን ጫፍ ይዘን እናታችን በምትቀመጥበት ወንበር፣ በራሷ ቁመት ልክ ወጠርነው። ያ ሲባጎ ዓይን የሚሄድበት መንገድ ነው። ከዚያ በየቦታው ከመሬት እስከ ሲባጎው ለካን።

መስኮቱ ከመሬት 6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከወንበሩ 10 ሜትር ይርቃል። የእናታችን ራስ ስትቀመጥ 1 ሜትር ላይ ነው። አጥሩ ጋ፣ ማለትም ከወንበሩ 8 ሜትር ርቀት ላይ፣ ሲባጎው 5 ሜትር ከፍታ ነበረው። ከወንበሩ 2 ሜትር ርቀት ላይ ግን 2 ሜትር ብቻ! አያችሁ? አጥሩ ላይ ለመከለል 5 ሜትር ግንብ ያስፈልገን ነበር። እናታችን አጠገብ ግን ሰው የሚያህል ቁጥቋጦ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ከለላ የሚተከለው ድንበር ላይ ሳይሆን ከምትቀመጡበት አጠገብ ነው። ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ሲባጎ ግዙ።

▪️ ምን መረጥን?

የድሬ አፈርና ውኃ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ውኃችን ካልሺየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ውኃ ለአንዳንድ ተክል አይስማማም፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። በዚያ ላይ ውኃው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «የትኛው አበባ ያምራል?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ይህን ፀሐይና ይህን ውኃ ይችላል?» ሆነ።

ሂና። ዋናው ከለላችን እሷ ናት። ለእጅና ለእግር የምንቀባት ሂና ቁጥቋጦ መሆኗን የማያውቅ ወጣት አለ፤ ከዱቄቱ በቀር አይቷት የማያውቅ። ሂና የሙቅ አገር ተክል ናት። ሥር እስክትይዝ ውኃ ትፈልጋለች፤ ከያዘች በኋላ ድርቁን ትችላለች። ስትከረከም ይብስ ትጠቀጥቃለች። አበባዋ ጥቃቅን፣ ነጣ ያለ ነው፤ ሽታው ግን ማታ ግቢውን ይሞላዋል። 6 ችግኝ በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደረደርን።

ሮማን። በሰልፉ ሁለት ጫፍ ሁለት ሮማን ቆመ። ከግንዱ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ካልገረዛችሁት በራሱ ቁጥቋጦ ይሆናል። አበባው እንደ ፍም ቀይ ነው። ሙቀትም ጨዋማ አፈርም ከብዙ ፍሬ ዛፎች በተሻለ ይችላል። ፍሬውን ደግሞ ማን ይጠላል?

ቡገንቪላ። ለቀለም እሷን የሚያህል የለም። ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አላት። አበባ የሚመስለን ባለቀለሙ ነገር ግን ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። ደጋግሞ ውኃ የሚያጠጣት ሰው ቅጠል እንጂ አበባ አያይም፤ ትንሽ ስትጠማ ነው የምትደምቀው። ለድሬ የተፈጠረች ትመስላለች፤ አገሯ ግን ደቡብ አሜሪካ ነው። እሾህ ስላላት መተላለፊያ ላይ አትትከሏት። እኛ አጥሩ ላይ ሽቦ ዘርግተን ቆርቆሮው በነበረበት ሰቀልናት።

ክትክታ። ከአጥሩ ሥር፣ ድንጋያማው ላይ። የሀገራችን ቁጥቋጦ ነው፤ በሐረርጌ ተራሮች በራሱ ይበቅላል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ መከርከም ይወዳል፣ ክፉ አፈር አያስፈራውም። ቤት ጠራጊውም ማገዶ ለቃሚውም የሚያውቀው ተክል መሆኑ «አበባ» ተብሎ እንዳይከበር አድርጎታል እንጂ እንደሱ ያለ አጥር የለም።

ሬሃን። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ በር ላይ። ለሽታው።

▪️ ምን ተውን?

የድሬዳዋ ዛፍ። የከተማችንን ስም የያዘ፣ በሙቀቱ ወራት እሳት የሚመስል ዛፍ! እናታችንም መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነበር። ግን ሥሩ ከላይ ከላይ ወደ ጎን የሚሄድ ስለሆነ ግንብና ወለል ያነሳል፤ በበጋ ደግሞ ቅጠሉን ያረግፋል። ለሰፊ ሜዳ እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆንም።

ኒም። ጥላው ወደር የለውም፤ ድርቅንም ይችላል። ግን ትልቅ ዛፍ ነው። ከቤት መሠረት ርቆ የሚተከልበት ቦታ ካላችሁ ትከሉት፤ እኛ አልነበረንም።

ሺፈራው። ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉም ይበላል። ግን ሳሳ ያለ ነው፤ ገመና አይሸፍንም።

ኦሊያንደር። ሮዝና ነጭ አበባ ያለው፣ ሙቀትም ጨውም የማይበግረው ውብ ቁጥቋጦ ነው። ግን ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዝ ነው፤ ሲቃጠል ጭሱ እንኳ። ልጅና ፍየል ባለበት ቤት አይገባም። ከቅንጭቡ በኋላ ይህን ለመጠየቅ ተምረናል።

ፕሮሶፒስ። «ውኃ አይፈልግም፣ በአንድ ዓመት ይደርሳል» ብለው የመከሩን ነበሩ። አፋር ላይ የግጦሽ መሬቱን ምን እንዳደረገው ያየ ሰው አይተክለውም። ነገ የጎረቤትህን መሬት የሚወስድ ተክል ከለላ አይባልም።

▪️ ውኃውን ከየት አመጣን?

ይህ ነው ብዙ ሰው የሚፈራው። እኛ መፍትሔውን ያገኘነው ከቤታችን ነው፤ የውዱእ ውኃ።

ስድስት ሰው በቀን አራት አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋል። በማንቆርቆሪያ ቆጥቦ የሚያደርግ ሰው አንድ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ይህ በቀን 20 ሊትር የማያንስ ሳሙና ያልነካው ውኃ ነው። ድሮ ወደ ቦይ ነበር የሚሄደው። አሁን ሳፋ ላይ ይጠራቀምና ማታ ለችግኞቹ በተራ ይደርሳል። የልብስ ማጠቢያውን ውኃ ግን አንጠቀምም፤ በረኪና ያለበት ውኃ ሥር ይገድላል።

የተከልነው ሐምሌ 2013፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ጉድጓዱን ግማሽ ሜትር ቆፍረን አፈሩን ከበሰለ የፍየል ፍግ ጋር ቀላቀልን። በየቀኑ በኩባያ መርጨት አይጠቅምም፤ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀርና በመጀመሪያው ፀሐይ ይሞታል። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ጠግቦ እንዲጠጣ አድርጉት፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሥሩን በገለባ አልብሱት። ማጠጣት ከመግሪብ በኋላ ይሁን። ከስድስቱ ሂናዎች ሁለቱ የመጀመሪያውን ግንቦት አላለፉም፤ በማግስቱ ክረምት ተካናቸው።

ተከራይ የሆናችሁ «የኛ ግቢ አይደለም» እንዳትሉ። ቡገንቪላ ታችዋ የተበሳ በርሜል ውስጥ ትኖራለች። ቤት ስትለቁ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። መስኮታችሁ ሥር አንድ በርሜል ካለች አንድ መጋረጃ አላችሁ።

ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቆርቆሮ በአንድ ቀን ይቆማል፤ ሂናችን ከሲባጎው በላይ ለመውጣት ሦስት ክረምት ፈጅቶባታል። በመሃል እናታችን ነጠላዋን ገመድ ላይ ሰቅላ ከኋላው ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ነጠላውን አነሳችው። አልነገረችንም፤ ከሥራ ስንመለስ ገመዱ ባዶ ሆኖ አየነው። እሷ በድሪያዋ፣ ፀጉሯን ፈትታ፣ ሰሌኑ ላይ እግሯን ዘርግታ ሽንኩርት ትከትፋለች። አራታችንም በር ላይ ቆመን ዝም አልን። «ምን ሆናችሁ?» አለችን። ምን እንበላት?

ቅጠል እንደ ቆርቆሮ አይደለም። ነፋሱ በመሃሉ ያልፋል። ፀሐዩን ይይዛል ግን አይግልም፤ ውኃ እያስተነፈሰ አጠገቡ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል። ከእሱ ወዲህ መቀመጥና ከእሱ ወዲያ መቀመጥ ሌላ አገር ነው። ከከዚራ የዛፍ ጥላ ወጥቶ ወደ መጋላ ፀሐይ የተሻገረ ሰው ይህን ለመረዳት ቴርሞሜትር አያስፈልገውም። ማታ ማታ እናታችን ደጅ መተኛት ጀምራለች። ግፊቷም በመድኃኒቱ ተረጋግቷል፤ አልሐምዱሊላህ።

የሐጂም መስኮት ተከፍቷል። ከላይ ሲታይ ሰው አይታይም፤ የሮማን አበባና ሐምራዊ ቡገንቪላ ነው የሚታየው። የልጃቸው ሚስት ባለፈው ዒድ ዋዜማ ብቅ ብላ «እማማ፣ ትንሽ ሂና ቁረጡልኝ፤ የሱቁ ዱቄት አይዝልኝም» ብላ ተጣራች። እናታችን ከቅጠሉ ኋላ ሆና «ነዪ፣ ራስሽ ቁረጪ፤ በዚያውም ቡና አፍልተናል» አለቻት። ያ አጥር ቆርቆሮ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥሪ የት ያልፍ ነበር?

ተክል የተከለ ሰው ወፍም ሰውም እንስሳም በበላለት ቁጥር ሰደቃ እንደሚጻፍለት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዛሬ ሮማናችንን ወፎች ሲወቅሩት አናባርርም።

ወንድሞችና እህቶች፣ በከተሞቻችን ፎቅ ከፎቅ እየተጠጋጋ ነው። የናንተም እናት፣ የናንተም ሚስት፣ የናንተም እህት ከግቢዋ ሳትጠፋ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። ጎረቤታችሁን ሳታናግሩ ቆርቆሮ አታቁሙ። ሲባጎ ወጥሩ፣ ለአገራችሁ ፀሐይ የሚስማማውን ምረጡ፣ የውዱእ ውኃችሁን አትድፉ። ክረምቱ ሳያልፍ አንድ ችግኝ።

አላህ የሁላችንንም ገመና ይሸፍን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።